የእንግሊዝኛ የትምህርት ጽሑፍን አንብቦ በራስ ቃል አንድ አንቀጽ መጻፍ፦ ከዝግጅት እስከ እርማት

ይህን መመሪያ የጻፍሁት በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ከሚኖሩ የማታና የቅዳሜ ተማሪዎች ጋር ስናጠና አንድ ዓይነት ችግር እየተደጋገመ ስለሚመጣ ነው። ተማሪዎቹ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብበው ፍሬ ሐሳቡን በአንድ አንቀጽ በራሳቸው ቃል እንዲጽፉ ይታዘዛሉ። ከሥራ ደክመው ገብተው መዝገበ ቃላት ሲያገላብጡ ያመሻሉ፤ የጻፉት ግን በቀይ እስክርቢቶ ተሰርዞ ይመለስላቸዋል። ትጋት አላነሳቸውም። የሚያነብቡት ቃል በቃል ወደ አማርኛ እየመለሱ፣ የሚጽፉትም አማርኛውን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ እየመለሱ ስለሆነ ሁለቱም ሥራ በየመንገዱ ይሰበርባቸዋል።

በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ መጥቶ ዐረፍተ ነገሩን ያስራል፤ ባለቤቱንም በውስጡ ይዞ ይመጣል። «ሰበሰብኩ» ካልን «እኔ» ማለት አያስፈልገንም። በእንግሊዝኛ ባለቤቱ ከግሱ ውጭ፣ ከፊቱ ይቆማል፤ ግሱም ወዲያው ይከተለዋል። በእርማት ላይ ከማያቸው ስሕተቶች የሚበዙት ከዚህ ልዩነት የሚወለዱ ናቸው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሁሉ ግስንና ባለቤቱን ፈልጎ በማግኘት ላይ የቆመ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አስቀድሜ ልስጥ። የእንግሊዝኛውን ምሳሌ በድምፁ በፊደላችን አስፍሬዋለሁ። ምሳሌዎቹን ደብተራችሁ ላይ በላቲን ፊደል ገልብጡና ፊት ለፊታችሁ አድርጋችሁ ቀጥሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ጽሑፍ ምረጡ። ከአንድ ገጽ የማያንስ፣ ከሁለት ገጽ የማይበልጥ፣ ከራሳችሁ የትምህርት መስክ የተወሰደ ይሁን። ሒሳብ አያያዝ የምታጠኑ ከሆነ ከሞጁላችሁ፣ ነርሲንግም ከሆነ እንዲሁ ከሞጁላችሁ ውሰዱ። የመውጫ ፈተናው የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነውና በዚህ ልምምድ የምታገኙት ቃል በዚያም ያገለግላችኋል። ጽሑፉን በስልክ ብቻ አትያዙት፤ ፎቶ ኮፒ አስደርጉት፣ ምክንያቱም ገጹ ላይ መስመርና ቅንፍ ታደርጋላችሁ።

ጽሑፉ ከአቅማችሁ በላይ አለመሆኑን ፈትሹ። ከመካከሉ 100 ቃል ቁጠሩና የማታውቋቸውን አስምሩባቸው። ሁ እና ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አንድ አንባቢ ያለ እርዳታ በደንብ እንዲረዳ ከ100 ቃል ወደ 98 የሚጠጋውን ማወቅ እንደሚያስፈልገው አሳይተዋል። እኛ መዝገበ ቃላት ስለምንጠቀም እስከ 5 የማታውቁት ቃል ቢኖር ሥራው ይቻላል። ከ10 በላይ ከሆነ ግን ጽሑፉን አስቀምጡትና በዚያው ርዕስ ላይ የቀለለ ፈልጉ። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ የከበደ ጽሑፍ ይዞ መታገልን እንደ ጉብዝና ይቆጥረዋል።

ከዚህ ሌላ ሁለት ቀለም እስክርቢቶ፣ አንድ ደብተር፣ እንዲሁም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት በስልካችሁ ያዙ። መብራትና ኔትወርክ አንድ ላይ በሚጠፉበት ሰፈር «ስከፍተው አልሠራም» ብሎ ማቆም እንዳይመጣ አስቀድማችሁ አውርዱት፤ ስልኩንም ቻርጅ አድርጉት። ጊዜውን ለሁለት ክፈሉት፦ ለንባብ አንድ ምሽት፣ ለጽሕፈትና ለእርማት በማግስቱ ሌላ ምሽት። በአንድ መቀመጫ ለመጨረስ አትሞክሩ፤ ወዲያው የጻፉትን ወዲያው ማረም አይቻልም፣ ዓይን የጻፈውን ሳይሆን ያሰበውን ያነብባልና።

1ኛ ደረጃ፦ ዳር ዳሩን ማየት

ርዕሱን፣ የመጀመሪያውን አንቀጽ፣ የመጨረሻውን አንቀጽ፣ ከዚያም የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ብቻ አንብቡ። ለዚህ 5 ደቂቃ ይበቃል። መዝገበ ቃላት አትንኩ። ሲያበቃ ደብተራችሁ ላይ በአማርኛ አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ «ይህ ጸሐፊ ሊያሳየኝ የፈለገው ምንድን ነው?» መልሱ ገና ካልታያችሁ አትደንግጡ፤ ጥያቄው ብቻ ተጽፎ ይቀመጥ።

2ኛ ደረጃ፦ ማሰሪያ ግሱንና ባለቤቱን ማግኘት

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉት። እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ከመተርጎማችሁ በፊት በአንዱ ቀለም ማሰሪያ ግሱን፣ በሌላው ቀለም ባለቤቱን አስምሩ። አንድ ምሳሌ በቅርብ እንየው።

«ፋርመርስ ሁ ዩዝ ዎተር ፍሮም ዘ አቃቂ ሪቨር ግሮው ቬጅተብልስ ፎር ዘ ሲቲ።»

ቃል በቃል የሚሄድ ተማሪ «ፋርመርስ» ገበሬዎች፣ «ዩዝ» ይጠቀማሉ ብሎ እዚያው ያስረዋል። «ገበሬዎች የአቃቂን ውሃ ይጠቀማሉ» የሚል ሙሉ ሐሳብ ያገኘ ይመስለዋል፤ ከዚያ «ግሮው» ሲመጣበት ባለቤት ያጣል። አንዳንዱ ወንዙ አትክልት እንደሚያበቅል አድርጎ ይጽፋል። በትክክል የሚነበበው እንደዚህ ነው፦

ሀ. «ሁ»፣ «ዊች» ወይም «ዛት» ከስም ቀጥለው ሲመጡ ቅንፍ ክፈቱ። እዚህ ቅንፉ «ሁ» ላይ ይከፈታል።

ለ. ከቅንፉ ውስጥ የመጀመሪያውን ግስ እለፉት። «ዩዝ» የቅንፉ እንጂ የዐረፍተ ነገሩ ግስ አይደለም።

ሐ. ሁለተኛው ግስ ሲመጣ ከእርሱ በፊት ቅንፉን ዝጉ። «ግሮው» ላይ ስትደርሱ ቅንፉ «ሪቨር» ላይ ይዘጋል።

መ. ቅንፉን በእጃችሁ ሸፍናችሁ የቀረውን አንብቡ፦ «ፋርመርስ ግሮው ቬጅተብልስ ፎር ዘ ሲቲ።» ገበሬዎች ለከተማዋ አትክልት ያመርታሉ።

ሠ. አሁን ቅንፉን መልሱት። አማርኛ እንዲህ ያለውን ገላጭ ከስሙ በፊት «የ» አስቀድሞ ያስቀምጠዋል፦ የአቃቂን ወንዝ ውሃ የሚጠቀሙ ገበሬዎች ለከተማዋ አትክልት ያመርታሉ። እንግሊዝኛው ከስሙ በኋላ ያደረገውን እኛ ከስሙ በፊት አመጣነው።

ተጠንቀቁ፦ ቅንፍ ከፋቹ ቃል ሁልጊዜ አይጻፍም። «ዘ ዎተር ዩዝድ ባይ ፋርመርስ ከምስ ፍሮም ዘ ሪቨር» በሚለው ውስጥ «ዩዝድ» የኃላፊ ጊዜ ግስ ይመስላል፤ ነገር ግን «ውሃው ተጠቀመ» ማለት ትርጉም አይሰጥም። «ዊች ኢዝ» የሚሉት ቃላት ተውጠው ነው። ስለዚህ ቅንፉ «ዩዝድ» ላይ ይከፈትና «ፋርመርስ» ላይ ይዘጋል፤ ማሰሪያ ግሱ «ከምስ» ነው። በትምህርት ጽሑፍ ይህ አገባብ በየገጹ አለ፤ ከስም ቀጥሎ «ኢድ» ቅጥያ ያለው ቃል አይታችሁ ኋላ ላይ ሌላ ግስ ከመጣ የመጀመሪያውን ተጠራጠሩት።

ካልሠራላችሁ፦ ሁለት ግስ ቀርቶ ማሰሪያው የትኛው እንደሆነ ካልለያችሁ «ቢኮዝ»፣ «ዌን»፣ «ኢፍ» ወይም «ኦልዞ» («ምንም እንኳ» የሚለው እንጂ «ደግሞ» የሚለው አይደለም) በአንዱ ፊት እንዳለ እዩ። ያ ግስ ጥገኛ ነው፤ ሌላው ማሰሪያ ነው። በሁለቱ መካከል የእንግሊዝኛው «አንድ» («እና») ወይም «በት» («ግን») ካለ ሁለቱም ማሰሪያ ሊሆኑ ይችላሉና ሁለቱንም አስምሩ። ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ ካልተፈታ ዳር ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ፤ ቀጣዩ ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ያብራራዋል።

3ኛ ደረጃ፦ ቃላትን መርጦ መፍታት

መዝገበ ቃላት የሚከፈተው አሁን ነው። የማታውቁትን ቃል ሁሉ አትፍቱ። ማሰሪያ ግስ፣ ባለቤት ወይም በጽሑፉ ከሁለት ጊዜ በላይ የመጣ ቃል ከሆነ ፍቱት፤ ካልሆነ ተዉት። አቭሪል ኮክስሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር 570 የቃላት ቤተሰቦችን ይዟል፤ እነዚህ ከትምህርት ጽሑፍ ቃላት 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። ዝርዝሩ በነፃ ይገኛልና ያገኛችሁት ቃል በዚያ ውስጥ ካለ ያለ ማመንታት መዝግቡት።

ስትመዘግቡ ቃሉን ብቻውን አታስቀምጡ። ቤተሰቡን ጻፉ፦ «አናላይዝ» ግሱ፣ «አናሊሲስ» ስሙ፣ «አናሊቲካል» ቅጽሉ። ከጎኑም ጽሑፉ ውስጥ አብሮት የመጣውን ቃል ጨምሩ። ዝርዝሩን የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ከልሱት፤ ለብቻው ጊዜ አይፈልግም።

4ኛ ደረጃ፦ ማስታወሻ ይዞ ጽሑፉን መዝጋት

ለየአንቀጹ ከ5 ቃል ያልበለጠ የእንግሊዝኛ ማስታወሻ ያዙ፤ ሙሉ ዐረፍተ ነገር አትገልብጡ። ከዚያ ጽሑፉን ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡና ለእናታችሁ፣ ለወንድማችሁ ወይም ለጎረቤታችሁ ጽሑፉ የሚለውን በአማርኛ ንገሩ። ሰሚው «እና ምን ይሁን ነው የሚለው?» ብሎ ቢጠይቃችሁና መልስ ብታጡ ጽሑፉ አልገባችሁም ማለት ነው፤ ወደ 2ኛው ደረጃ ተመለሱ እንጂ ወደ ጽሕፈት አትሂዱ። አማርኛን እዚህ ላይ መጠቀም ነውር የለውም፤ ሐሳቡ የገባው ሰው በየትኛውም ቋንቋ ይናገረዋል።

ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ የጸሐፊውን ዐረፍተ ነገር ወስዶ ሦስት አራት ቃል በተመሳሳይ ቃል መተካት በራስ ቃል መጻፍ አይባልም። የዐረፍተ ነገሩ አጥንት የሌላ ሰው ከሆነ ምንጩን ብትጠቅሱም ስርቆት ነው። ከስርቆት የሚያድናችሁ ጽሑፉን ዘግቶ መጻፍ ነው። በራሳችሁ ቃል የጻፋችሁትንም ቢሆን ከማን እንዳገኛችሁትና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደታተመ ጥቀሱ። ምንጩ በእኛ የዘመን አቆጣጠር የታተመ ከሆነ ዓመቱን እንዳለ አትገልብጡት፤ ወደ ፈረንጆቹ ስትመልሱት 7 ወይም 8 ዓመት ይጨመራል፣ 2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ 2022፣ ግንቦት ላይ 2023 ነው። ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ በስሙ ይጠቀስ ወይስ በአባቱ ስም የሚለው ከትምህርት ክፍል ትምህርት ክፍል ስለሚለያይ መምህራችሁን ጠይቁ።

5ኛ ደረጃ፦ አንቀጹን መጻፍ

በማግስቱ ምሽት ማስታወሻችሁን ብቻ ይዛችሁ ተቀመጡ።

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ኃይለ ቃሉን አስቀምጡ። ብዙዎቻችን ከሩቅ ተነሥተን፣ ምክንያቱን ደርድረን፣ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ማሳረፍ ለምደናል፤ ለንግግር ያምራል። የእንግሊዝኛ የትምህርት አንቀጽ አንባቢ ግን ዋናውን መጀመሪያ ላይ ይጠብቃል፤ ካላገኘው አንቀጹ ሐሳብ እንደሌለው ይቆጥረዋል። በ1ኛው ደረጃ የጻፋችሁትን ጥያቄ አውጡና መልሱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ ኃይለ ቃሉ እርሱ ነው። ከዚያ አራት ወይም አምስት ደጋፊ ዐረፍተ ነገሮች ይከተሉ።

እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ከባለቤቱ ጀምሩ፣ ግሱን አስከትሉ፣ ከ20 ቃል አታሳልፉ። ረጅሙን ዐረፍተ ነገር በኋላ ትማሩታላችሁ። አማርኛ «ገበሬዎቹ ውሃውን ቀድተው፣ ማሳውን አጠጥተው፣ አትክልቱን ለቅመው ለገበያ ያቀርባሉ» ብሎ አራት ድርጊት በአንድ ማሰሪያ ያስራል፤ እንግሊዝኛ ውስጥ እነዚህን ድርጊቶች በነጠላ ሰረዝ ብቻ መቀጠል አይቻልም። ወይ በ«አንድ» አያይዟቸው፣ ወይ ነጥብ አድርጋችሁ አዲስ ዐረፍተ ነገር ጀምሩ።

ገላን ፋብሪካ ውላ ማታ የምትማር አንዲት ተማሪዬ ከላይ ባየነው ርዕስ ላይ የጻፈችው ይህ ነበር፦ «ኢዝ ኖውን ዘ ፋርመርስ ዜይ ዩዝ ሪቨር ዎተር፣ ኦልዞ ኢት ኢዝ ፖሉትድ በት ዜይ ግሮው ቬጅተብልስ።» ሐሳቧ ልክ ነው፤ ወንዙ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ይዞ እንደሚወርድ በየቀኑ ታያለች። እያንዳንዱ ስሕተት ግን ከአማርኛ የመጣ ነው። «ይታወቃል» ባለቤቱን በውስጡ ስለያዘ «ኢት» ቀረ። «ገበሬዎቹ እነርሱ» ተብሎ ባለቤት ተደገመ። «ቢሆንም ... ግን» የሚለው ልማድ «ኦልዞ»ንና «በት»ን አንድ ላይ አመጣ። ነጠላ ሰረዙም ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን አጣበቀ። አብረን ስናርመው እንዲህ ሆነ፦ «ፋርመርስ ዩዝ ዎተር ፍሮም ዘ ሪቨር። ኦልዞ ዘ ዎተር ኢዝ ፖሉትድ፣ ዜይ ግሮው ቬጅተብልስ ዊዝ ኢት።» ከዚያ ወዲህ «ኦልዞ» በጻፈች ቁጥር ጣቷን ቃሉ ላይ አድርጋ «በት» እንዳለ ትፈልጋለች።

ካልሠራላችሁ፦ ጽሑፉን ስትዘጉ አንድም ዐረፍተ ነገር ካልመጣላችሁ በአማርኛ አምስት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ባለቤትና አንድ ግስ ብቻ ይኑራቸው። ከዚያ ባለቤቱን አውጥታችሁ ከፊት አቁሙና ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። የስልክ ተርጓሚ ላይ ጽፋችሁ የሰጣችሁን አትገልብጡ። ያ ጽሑፍ የእናንተ አይደለም፤ ፈተና ክፍል ውስጥም ስልኩ አብሯችሁ አይገባም።

6ኛ ደረጃ፦ እርማት፣ በአንድ ዙር አንድ ስሕተት

አንቀጹን ከላይ እስከ ታች ደጋግማችሁ አንብቡ፤ በእያንዳንዱ ዙር ግን አንድ ዓይነት ስሕተት ብቻ ፈልጉ። ሁሉንም በአንድ ዙር የሚፈልግ ሰው አንዱንም አያገኝም። ከመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ጀምራችሁ ወደ ላይ ብትወጡ የበለጠ ይታያችኋል።

ዙር 1፣ ባለቤት። ለእያንዳንዱ ግስ «ማን?» ወይም «ምን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከግሱ በፊት ተጽፎ ካልተገኘ ጨምሩት። «ማድረግ አስፈላጊ ነው» ለማለት በ«ኢዝ ኢምፖርታንት» የሚጀምር ዐረፍተ ነገር ሁሉ «ኢት» ይጎድለዋል።

ዙር 2፣ የ«ኤስ» ፊደል። ባለቤቱ («እኔ»፣ «አንተ» ወይም «አንቺ» ሳይሆን) አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር ሆኖ ግሱ የአሁን ጊዜ ከሆነ ግሱ ላይ «ኤስ» አለ? በስሙ ላይ ደግሞ፦ አማርኛ «አምስት ተማሪ» ማለትን ይፈቅዳል፤ እንግሊዝኛ አይፈቅድም። በተቃራኒው «መረጃዎች» እያልን «ኢንፎርሜሽንስ»፣ «መሣሪያዎች» እያልን «ኢኩዊፕመንትስ» እንጽፋለን፤ ሁለቱም «ኤስ» አይቀበሉም።

ዙር 3፣ የተደገመ ተሳቢ። «የሰበሰብኩት መረጃ» ስንል «ት» ተሳቢውን ታመለክታለች፤ ይህች «ት» «ዘ ዳታ ዛት አይ ኮሌክትድ ኢት» ውስጥ «ኢት» ሆና ትገባለች። «ኢት»ን ሰርዙ።

ዙር 4፣ ጊዜ። «ሰብስቤያለሁ» ሁልጊዜ «ሃቭ ኮሌክትድ» አይሆንም። «ባለፈው ዓመት»፣ «ትናንት» ወይም የተወሰነ ዓመት ካለ «ሃቭ»ን አውጡና «ኮሌክትድ» ብቻ ይሁን።

ዙር 5፣ ትርፍ መስተዋድድ። «ስለ ጉዳዩ ተወያዩ» እንላለንና «ዲስከስ አባውት» ይመጣል፤ «ዲስከስ» ግን «አባውት» አይፈልግም። «ሜንሽን»ም እንዲሁ።

ዙር 6፣ «ኤ» እና «ዘ»። ይህ ዙር በአንድ ወር አይጠናቀቅም፤ እኔም ዛሬ ድረስ ቆም ብዬ የማስብበት ቦታ አለ። ለመነሻ ግን ይህን ፈተና ተጠቀሙ፦ በአማርኛ «ወንዙ» የምትሉት ከሆነ፣ ማለትም አንባቢው የትኛው እንደሆነ ካወቀ፣ «ዘ» ጻፉ። ነጠላ ሆኖ የሚቆጠር ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ አማርኛ «ወንዝ አለ» ብሎ ባዶውን ይተወዋል፤ እንግሊዝኛ ባዶ አይተውምና «ኤ» ጨምሩ።

እርማቱ ሲመለስላችሁ

መምህሩ «ግልጽ አይደለም» ብሎ ብቻ ከጻፈባችሁ ያንን ዐረፍተ ነገር ወስዳችሁ እንደ 2ኛው ደረጃ ግሱንና ባለቤቱን አስምሩበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ግሱ ሁለት ባለቤት ይዞ ወይም ባለቤት አጥቶ ታገኙታላችሁ። ሌላውን እርማት በዙሮቹ ቁጥር መድቡት፤ ከዙር 3 ሁለት፣ ከዙር 6 አምስት እያላችሁ በደብተራችሁ መጨረሻ ገጽ ቁጠሩ። ለሚቀጥለው ጽሑፍ ብዙ ስሕተት የተገኘበትን ዙር አስቀድሙ።

ከሰባት ቀን በኋላ ያንኑ ማስታወሻ ብቻ አውጡ፣ የመጀመሪያውን አንቀጽ ሳታዩ እንደገና ጻፉ፣ ቀኑን ከላይ መዝግቡና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ዙሮቹን ቁጠሩ። ቁጥሩ ካልቀነሰ አዲስ ጽሑፍ አትጀምሩ፤ በዚሁ ላይ አንድ ሳምንት ጨምሩ።